መቃብሩን የሰወረው አባት፦ ቅዱስ እንጦንስና የባሕር ማዶ የድንጋይ መስቀሎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ መቃብሩ እንዳይታወቅ አዝዞ ያረፈ አባት ነው። በግብጽ ምሥራቃዊ በረሃ፣ ከኤርትራ ባሕር እምብዛም በማይርቅ ተራራ፣ ሁለት ደቀ መዛሙርቱ ብቻ ባወቁት ስፍራ ተቀበረ። ሐውልት አልፈለገም፤ መታሰቢያም እንዲቆምለት አልተናዘዘም። ይሁን እንጂ ከዚያ በረሃ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚገኙት የአየርላንድና የስኮትላንድ አጥቢያዎች፣ ዝናብ በማይለየው የቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ባስቆጠሩ ታላላቅ የድንጋይ መስቀሎች ላይ የእርሱ መልክ ተቀርጾ ይታያል።

ለደብራችን የምሥረታ በዓል መጽሐፍ የዚህን አባት ሕይወት ልጽፍ የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቻችን በየትምህርት ቤታቸው ጉብኝት ሲወጡ እነዚህን መስቀሎች ይመለከታሉ፤ የሌላ ሕዝብ ቅርስ ነው ብለውም ያልፏቸዋል። በድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብሎ ኅብስት የያዘው ሽማግሌ በየዓመቱ ጥር 22 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ ስሙን የሚሰሙት አባታቸው መሆኑን የነገራቸው የለም። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ቅዱስ እንጦንስ በ251 ገደማ በግብጽ ቆማ በምትባል መንደር ከክርስቲያን ወላጆች ተወለደ። ወላጆቹ ባለጸጎች ነበሩ፤ ሐዋርያዊው ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድል እንደምናነበው 300 አሩራ የሚሆን ለም መሬት ነበራቸው። አሩራ የጥንት ግብጻውያን የመሬት መለኪያ ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ሲሰላ ወደ 80 ሄክታር ይጠጋል፤ በእኛ የቀድሞ መለኪያ ሁለት ጋሻ ያህል ማለት ነው። አፈሩ ከእኛው ደጋ ታጥቦ በወረደ ደለል የሚዳብር፣ ዓባይ የሚያጠጣው ሁለት ጋሻ መሬት ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ከገበሬ ቤት የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

በልጅነቱ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል መቁጠር አልወደደም። ከወላጆቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን መሄድንና የሚነበበውን በጥሞና መስማትን ግን ይወድ ነበር፤ ከሚሰማውም አንዳች ሳይወድቅበት በልቡ ይይዝ ስለነበር መጽሐፉ በውስጡ ተጻፈ። ዕድሜው 18 ወይም 20 ሲሆን አባትና እናቱ ሞቱ፤ መሬቱንና አንዲት ታናሽ እህቱን ትተውለት ሄዱ። ስድስት ወር ያህል እንዳለፈ አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንዴት እንደተከተሉ እያሰላሰለ ነበር። ሲገባም ጌታችን ባለጸጋውን ሰው ያለውን ሁሉ ሸጦ ለድኆች ሰጥቶ እንዲከተለው ያዘዘበት የወንጌል ክፍል ይነበባል። ቃሉ ለእርሱ ብቻ የተነገረ መሰለው። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች አከፋፈለ፤ ንብረቱን ሸጦ ገንዘቡን ለድኆች ሰጠ፤ ለእህቱ ግን ጥቂት አስቀረላት። በሌላ ቀን ደግሞ ስለ ነገ መጨነቅ እንደማይገባ የሚናገረውን ወንጌል ሰማና ያስቀረውንም ሰጠ፤ እህቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ ከቤቱ ወጣ።

በዲያቆንነቴ ብዙ ጊዜ የማስበው ያን ቀን ወንጌሉን ያነበበውን አገልጋይ ነው። ገድሉ ስሙን አይጠራውም። የዕለቱን ምንባብ እንደ ወትሮው አንብቦ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ቤቱ የሄደ ይመስለኛል።

እንጦንስ መጀመሪያ ከመንደሩ ብዙም ሳይርቅ ከአንድ አረጋዊ ተጋዳይ እየተማረ ተቀመጠ። በእጁ ሥራ ይኖር ነበር፤ ያገኘውንም ለዕለት እንጀራውና ለድኆች ያካፍለዋል። በኋላ ከመንደሩ ርቆ የጥንት ሰዎች ከሠሯቸው የመቃብር ቤቶች በአንዱ ገባና ወዳጁ በሩን ከውጭ ዘጋለት። በዚያም አጋንንት ደብድበው እንደ ሞተ ሰው አድርገው ጣሉት፤ ወዳጁ ተሸክሞ ወደ መንደር ቢወስደው ሌሊት ሲነቃ መልሶ እንዲያደርሰው ለመነው። ቆሞ መጸለይ ስላቃተው ተኝቶ ጸለየ። አጋንንቱ በአንበሳ፣ በድብ፣ በእባብና በጊንጥ መልክ ሲመጡበት አልሸሸም፤ በመጨረሻ ከጣሪያው ብርሃን ወርዶ ሁሉን በተናቸው። እንጦንስም ጌታ ከመጀመሪያው ለምን እንዳልደረሰለት ሲጠይቅ፣ ጌታ በዚያው እንደነበረና ተጋድሎውን ያይ እንደነበር ተነገረው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 35 ዓመት ገደማ ነበር።

ይህን ታሪክ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ለልጆቻችንም ስለ እንጦንስ ስንነግር ከዚህ አናልፍም። የአየርላንድ ጠራቢዎችም ያውቁት ነበር። በኪልዴር አውራጃ ሙን በሚባለው ስፍራ በሚገኘው የግራናይት መስቀል እግር ላይ የአውሬ ራስ ያላቸው ሁለት ፍጡራን አንዱን ሰው ከግራና ከቀኝ ሲያስጨንቁት ይታያል፤ ያ ሰው እንጦንስ ነው። ግራናይት ፍሬው ሻካራ፣ ለመሮ የማይመች ድንጋይ ስለሆነ ቀራጩ የልብስ እጥፋትና የጣት ቅርጽ ለማውጣት አልታገለም። አካላቱን አራት ማዕዘን፣ ራሳቸውን ክብ፣ ዓይናቸውን ሰፊ አድርጎ ተወው። ያየው ሰው ሁሉ የእኛን የብራና ሥዕሎች ያስታውሳል፤ መመሳሰሉ ግን ከድንጋዩ ጥንካሬ የመጣ ይመስለኛል እንጂ ሠዓሊዎቻችን ከጠራቢዎቹ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ከመቃብር ቤቱ ወጥቶ ዓባይን ተሻገረና በበረሃ ውስጥ በፈረሰ ምሽግ ገብቶ 20 ዓመት ተቀመጠ። ኅብስት በዓመት ሁለት ጊዜ ከጣሪያ በኩል ይወርድለት ነበር። በ305 ገደማ ወዳጆቹና እንደ እርሱ ሊኖሩ የሚሹ ሰዎች በሩን ሰብረው ሲያወጡት ከስቶ ወይም ወፍሮ ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር፤ እርሱ ግን እንደገባ ሆኖ ወጣ፤ ሕዝቡ ሲከበው አልደነገጠም፤ ሲያመሰግኑትም አልተደሰተም። ከዚያ በኋላ በተራሮቹ ላይ የመነኮሳት ማኅበራት በዙ። የእኛ ገዳማት የምንኵስና የትውልድ ሐረግ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከእንጦንስ ወደ መቃርስ፣ ከመቃርስ ወደ ጳኩሚስ፣ ከዚያም በተስዓቱ ቅዱሳን ወደ ደብረ ዳሞና ወደ ሌሎቹ ገዳሞቻችን ይወርዳል።

በበረሃ ሳለ ስልቸት ይዞት እንደነበረ አበው ይተርካሉ። መጸለይ ቢፈልግ ሐሳቡ ተበታተነበት። ምን ያደርግ ዘንድ እንዳለው ጌታን ሲለምን ከደጅ አንድ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ሰሌን ሲታታ አየ፤ ያ ሰው ጥቂት ይሠራና ይነሣል፤ ይጸልይና ተመልሶ ይቀመጣል፤ ሰሌኑን ይታታና እንደገና ለጸሎት ይነሣል። መልአክ ነበር። እንጦንስም እንደዚያው እያደረገ ኖረ። ከአጋንንቱ ታሪክ ይልቅ ይህንን ለልጆቻችን ብንነግራቸው እወዳለሁ። ሌሊት በሆስፒታልና በመጋዘን ሠርተው፣ ዓይናቸው ሳይከደን ለኪዳን የሚደርሱ የደብራችን እናቶችና አባቶች ይህን ሥርዓት ሳይነገራቸው ያውቁታል።

በ311 መክሲሚኖስ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ሲያስነሣ እንጦንስ በረሃውን ትቶ ወደ እስክንድርያ ወረደ። በየወኅኒውና በየማዕድን ጉድጓዱ የታሰሩትን አገለገለ፤ ወደ ፍርድ አደባባይ የሚቀርቡትንም አጸናቸው። ዳኛው መነኮሳት ከከተማው እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ ሌሎቹ ተሸሸጉ፤ እርሱ ግን ልብሱን አጥቦ ዳኛው በሚያይበት ከፍ ባለ ስፍራ ቆመ። ሰማዕትነትን ይመኝ ነበር፤ አልተሰጠውም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ በዚያ ስደት አንገቱ ተቆረጠ፤ እንጦንስ ግን በሕይወት ተመለሰ።

ሰው ስለበዛበት ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ተጉዞ ወደ ውስጠኛው ተራራ ደረሰ። ከሥሩ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ውኃ ይፈልቃል፤ ጥቂት ዘንባባም ነበረበት። ወንድሞች ስንቅ እያመላለሱ ሲደክሙ ባየ ጊዜ ዶማና ጥቂት የስንዴ ዘር እንዲያመጡለት ለመነ፤ መሬቱን ቆፍሮ ዘርቶ ከራሱ እርሻ በላ። የሚጎበኙትም እንግዶች ከዚያ አስቸጋሪ መንገድ በኋላ የሚቀምሱት እንዲያገኙ ጥቂት አትክልት ተከለ። የበረሃ አውሬዎች ለውኃ ሲመጡ አትክልቱን ቢያበላሹበት አንዱን በቀስታ ያዘና እርሱ ምንም ሳይበድላቸው ለምን እንደሚበድሉት ጠየቀው፤ በጌታ ስም ተመልሰው እንዳይመጡም ነገራቸው፤ አልተመለሱምም።

ንጉሥ ቆስጠንጢኖስና ልጆቹ ደብዳቤ ሲጽፉለት መነኮሳቱ ተደነቁ። እርሱ ግን ሰው ለሰው ቢጽፍ ምን ይደንቃል፤ የሚያስደንቀውስ እግዚአብሔር ለሰው ሕጉን መጻፉ ነው በሚል መንፈስ ገሠጻቸው፤ ሲመልስም ንጉሡ የሚመጣውን ፍርድ እንዲያስብና ለድኆች እንዲራራ መከረው። በ338 ደግሞ አርዮሳውያን የእነርሱ ወገን እንደሆነ አድርገው ስላወሩበት እንደገና ወደ እስክንድርያ ወርዶ በሕዝብ ፊት ኑፋቄያቸውን አወገዘ። ሲመለስ እስከ ከተማው በር የሸኘው ቅዱስ አትናቴዎስ ነበር።

የእንጦንስ ዝና ከግብጽ እንዲወጣ ያደረገው ይኸው አትናቴዎስ ነው። የእኛን ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ በሾመው እጅ የእንጦንስን ገድል ጻፈ። አትናቴዎስ ራሱ በስደት ወደ ትሪርና ወደ ሮም ሄዶ ስለነበር የምዕራቡ ዓለም የግብጽን መነኮሳት ወሬ ቀድሞ ሰምቶ ነበር። ገድሉም ብዙ ሳይቆይ በአንጾኪያው ኤቫግሪዮስ እጅ ወደ ላቲን ተመለሰ። ሄሮኒሞስ ደግሞ በላቲን የባሕታዊውን የአባ ጳውሊን ሕይወት ጻፈ፤ የሁለቱ አባቶች መገናኘት የተተረከውም በዚያ ነው። መጻሕፍቱ በመነኮሳት እጅ እየተገለበጡ አየርላንድ ደረሱ። የአየርላንድ መነኮሳት ብቻቸውን ለሚኖሩበት ስፍራ ሁሉ በላቲን ቋንቋ በረሃ የሚለውን ስም ሰጡት፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያች ጭቃና ሣር በሞላባት ደሴት ዲዘርት የሚባሉ ብዙ መንደሮች አሉ። በ2006 በቲፐረሪ አውራጃ ከረግረግ ውስጥ የወጣው የ800 ዓ.ም. ገደማ መዝሙረ ዳዊት የቆዳ ሽፋኑ ከውስጥ በግብጽ ፓፒረስ የተለበጠ ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ወደ አባ ጳውሊ እንምጣ። ታሪኩ በእኛም ስንክሳር የካቲት 2 ቀን ይነበባል። እንጦንስ 90 ዓመት ሲሆነው በበረሃው ከእርሱ በፊት የገባ መነኩሴ ያለ አይመስለውም ነበር። በሌሊት ከእርሱ የሚበልጥ ሰው በውስጠኛው በረሃ እንዳለ ተገለጠለት። በትሩን ተመርኩዞ መንገዱን ሳያውቅ ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ዋሻውን አገኘ። ጳውሊ በሩን ዘግቶ ብዙ ካስለመነው በኋላ ከፈተለት፤ አይተዋወቁም ነበር፤ ነገር ግን በየስማቸው ተጠራርተው ተሳሳሙ። ጳውሊ 113 ዓመቱ ነበር። ሰው ሳያይ የኖረ ሽማግሌ እንደመሆኑ የዓለሙን ነገር ጠየቀው፤ በአሮጌ ከተሞች አዲስ ቤት ይሠራ እንደሆነ፣ ማን እንደሚነግሥ፣ ጣዖት የሚያመልክ ገና ይኖር እንደሆነ። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ከአገሩ ርቆ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሲያገኝ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሲነጋገሩ ቁራ መጥቶ ሙሉ ኅብስት በፊታቸው አኖረ። ለ60 ዓመት ግማሽ ኅብስት ብቻ ያመጣለት እንደነበረ ጳውሊ ነገረው፤ ዛሬ ሁለት ስለሆኑ ክርስቶስ የአገልጋዮቹን ቀለብ አጠፈው። በምንጩ ዳር ተቀመጡ። ያን ጊዜ ኅብስቱን ማን ይቁረስ የሚል ክርክር ተነሣ። ጳውሊ እንጦንስ እንግዳ ነውና ይቁረስ አለ፤ እንጦንስ ጳውሊ በዕድሜ ይበልጣልና ይቁረስ አለ። እስኪመሽ ድረስ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁለቱም ኅብስቱን በየበኩላቸው ይዘው ወደየራሳቸው ሳቡት፤ በእጁ የቀረው ለየራሱ ሆነ። ከምንጩም ጎንበስ ብለው ውኃ ጠጡ፤ ሌሊቱን ሙሉ በጸሎት አደሩ።

በእኛ አገር ልማድ ያደገ ሰው ለዚህ ትርጓሜ አያስፈልገውም። በማዕድ ፊት ሁለት ካህናት ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ባርክ እያለ፣ ያኛውም ለታላቅነቱ ሲመልስለት ምግቡ ሲቀዘቅዝ ያላየ ማን አለ? ይሁን እንጂ በስደት ምድር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን በተቃራኒው ክርክር ብዙ እንደተጎዳችም ሁላችን እናውቃለን። ማን ይቅደም፣ ማን ይፈርም፣ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን በማለት አንድ የነበረው ሁለት፣ ሁለት የነበረው አራት ሆኗል። ለቅዳሴ የሚያስፈልጉትን አምስት ልዑካን ለማሟላት ከሌላ ከተማ ካህን በባቡር ያስመጣንባቸውን ዓመታት የምታስታውሱ፣ ሁለት ካህናት በአንድ መንበር ፊት ቆመው ማየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታውቃላችሁ።

የአየርላንድና የስኮትላንድ ክርስቲያኖች ከእንጦንስ ረጅም ሕይወት ውስጥ ከሁሉ አብልጠው በድንጋይ ያኖሩት ይህንን ነው። ንጉሥ የጻፈለትን ደብዳቤ አልቀረጹም፤ እስክንድርያ መውረዱንም አልቀረጹም። በኬልስ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አጸድ በቆመው የደቡብ መስቀል ላይ፣ በካስልደርሞት መስቀሎች ላይ፣ በሙን፣ እንደገናም በሞናስተርቦይስ በታላቁ የሙሬዳክ መስቀል ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ሆነው በመካከላቸው ክብ ኅብስት ይዘዋል። ምክንያቱን ለመረዳት የኢዮና ገዳም አበምኔት አዳምናን በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጻፈው የቅዱስ ኮሎምባ ገድል ይረዳል። አንድ ጳጳስ በትሕትና ማዕረጉን ሰውሮ እንደ ተራ ካህን ወደ ኢዮና መጣ። በሰንበት ኮሎምባ የጌታን ሥጋ እንዲያዘጋጅ ጋበዘው፤ እንግዳውም እንደ ሁለት ካህናት አብረው ኅብስቱን ይቆርሱ ዘንድ ኮሎምባን ጠራው። ኮሎምባ ወደ መሠዊያው ቀርቦ ፊቱን ሲመለከት ጳጳስነቱን አወቀ፤ እንደ ማዕረጉ ብቻውን እንዲቆርስ ነገረው። በዚያ አገር ሁለት ካህናት አብረው ኅብስት ይቆርሱ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን፤ በድንጋዩ ላይ እንጦንስና ጳውሊን ያየ ምእመንም የገዛ መሠዊያውን አገልግሎት ያይ ነበር።

የሙሬዳክ መስቀል ቁመቱ 5.5 ሜትር ያህል ነው። አካሉና ራሱ ከአንድ ወጥ አሸዋማ ድንጋይ ተጠርቦ በእግር ድንጋይ ላይ ተተክሏል፤ በአናቱ የቤት ጣሪያ የሚመስል ክዳን አለው። ክንዶቹን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክብ ቀለበት ጌጥ ብቻ አይመስለኝም፤ መሐንዲስ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው፤ ጎን ለጎን የተዘረጋውን ከባድ ክንድ ከሥር ይደግፋልና። አሸዋማ ድንጋይ ለስላሳ ስለሆነ የልብሱ እጥፋት ሳይቀር ወጥቷል፤ በዚያው መጠን ዝናብና ውርጭ ይበላዋል። ከሥሩ ያለው ጽሕፈት መስቀሉን ላሠራው ለሙሬዳክ ጸሎት ይለምናል፤ የእኛ ብራናዎች መጨረሻ ላይ ለጻፈውና ላጻፈው ምሕረት እንደሚለመንበት ማለት ነው።

በስኮትላንድ ሰሜን በኒግ አጥቢያ የሚገኘው ከ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ከመስቀሉ በላይ ሁለቱ አበው ጎንበስ ብለዋል፤ ቁራው ኅብስቱን ይዞ ከሰማይ ይወርዳል፤ ከሥራቸውም ሁለት አራዊት ተጋድመዋል። ቀራጩ ሁለቱንም መጽሐፍ አስይዟቸዋል፤ ፊደል ላልቆጠረው እንጦንስ ሳይቀር። አንበሳ አይቶ አያውቅም፤ ዘንባባም አላየም፤ የሰማውንና ያነበበውን በሚያውቀው ድንጋይ ላይ አኖረ።

ከሁሉ ይልቅ መከራ ያየው በስኮትላንድ ደቡብ ምዕራብ በረስዌል አጥቢያ የቆመው የ8ኛው መቶ ዓመት መስቀል ነው። ከአምስት ሜትር በላይ ይረዝማል። እንጦንስና ጳውሊ ኅብስት በምድረ በዳ እንደቆረሱ የሚናገር የላቲን ጽሕፈት በምስላቸው ዙሪያ ተቀርጿል። ከበላያቸው ጌታችን አራዊትን ረግጦ ቆሟል፤ ከሥራቸውም እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በአህያ ላይ ትታያለች፤ የስደት ጉዞዋ ነው። በጽጌ ወራት ማኅሌት የምንቆምለትን ስደት እዚያ ድንጋይ ላይ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልግም። በ1640 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንደነዚህ ያሉ ምስሎች ጣዖት ናቸው ብሎ እንዲፈርሱ አዘዘ፤ በ1642 መስቀሉ ተሰባብሮ ወደቀ። ስብርባሪው በቤተ ክርስቲያኑና በመቃብሩ ስፍራ ሲረገጥ ኖረ። ከዚያ የአጥቢያው አገልጋይ ሄንሪ ደንካን ቁራጮቹን ፈልጎ ሰብስቦ በ1823 በቤቱ አትክልት ቦታ መልሶ አቆመው፤ የጎደለውን አግዳሚ ክንድም በአዲስ ድንጋይ አስጠረበለት። ይህ ሰው በ1810 ለምስኪን ምእመናኑ የቁጠባ ባንክ ያቋቋመ ነው፤ የእቁባችን ሰብሳቢዎች ስሙን ቢያውቁት አይከፋም። በ1887 መስቀሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገባ፤ ጣሪያው ስለማይበቃው ወለሉ ተቆፍሮለት ዛሬም በዚያ ቆሟል። በመካከሉ የተሰነጠቀበት ሁሉ በግልጽ ይታያል።

ጳውሊ በማግሥቱ የሞቱ ጊዜ መድረሱን ለእንጦንስ ነገረው፤ አትናቴዎስ የሰጠውን አጽፍ አምጥቶ እንዲገንዝበትም ለመነው። መሞቱን ሲያይ እንዳያዝን ሊያርቀው ፈልጎ ነበር። እንጦንስ ሄዶ አጽፉን ይዞ ሲመለስ በመንገድ የጳውሊ ነፍስ በመላእክት መካከል ስታርግ አየ። ዋሻው ሲደርስ ጳውሊ ተንበርክኮ፣ እጆቹን ዘርግቶ ነበር፤ በሕይወት ያለ መስሎት አብሮት ለጸሎት ቆመ፤ የትንፋሽ ድምፅ ሲያጣ ግን አወቀ። ዶማ አልነበረውም። ሁለት አንበሶች ከበረሃ መጥተው በእግራቸው መሬቱን ቆፈሩለት፤ ባርኮ አሰናበታቸው። ጳውሊ ከሰሌን የሠራውን ቀሚስ ወስዶ በየትንሣኤውና በየጰራቅሊጦሱ ይለብሰው ነበር።

እንጦንስ ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ያህል ኖረ። በ356፣ በ105 ዓመቱ፣ ዕረፍቱ መቅረቡን አውቆ በውስጠኛው ተራራ ያገለግሉት የነበሩትን ሁለት ደቀ መዛሙርት ጠራ። ግብጻውያን የቅዱሳንን ሥጋ ሳይቀብሩ በየቤታቸው በአልጋ ላይ ያኖሩ ስለነበር ሥጋውን ማንም ወደ ከተማ እንዳይወስድ፣ በምድር ውስጥ እንዲቀብሩትና ስፍራውን ለማንም እንዳይናገሩ አዘዛቸው። አንዱን የበግ ለምድና ያረጀ አጽፉን ለአትናቴዎስ፣ ሁለተኛውን ለምድ ለኤጲስ ቆጶሱ ሰራፕዮን፣ የጠጉር ልብሱን ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት ተናዘዘ። ሄሮኒሞስ አጽፉን ከጳውሊ ጋር ይቀብረዋል፤ አትናቴዎስ ደግሞ አዲስ አድርጎ የሰጠው አጽፍ በእንጦንስ ትከሻ ላይ አርጅቶ እንደተመለሰለት ይናገራል። ሁለቱን ለማስታረቅ አልሞክርም፤ አትናቴዎስ አጽፉን በእጁ የተቀበለ ሰው ነው።

ደቀ መዛሙርቱ ከሳሙት በኋላ እግሮቹን ዘረጋ፤ ፊቱ ወዳጆቹ እንደመጡለት ሰው በራ፤ ነፍሱንም ሰጠ። ገንዘው ቀበሩት። አትናቴዎስ ገድሉን ሲጽፍ ከሁለቱ በቀር መቃብሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እነርሱም አልተናገሩም፤ በላዩም ድንጋይ አላቆሙበትም።

የአባታችን የቅዱስ እንጦንስና የአባ ጳውሊ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።